ልጄ በሕፃናት ማቆያ ምግብ እንዳያንቀው ምን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ18 ወር ወንድ ልጄን በሚቀጥለው ወር ሕፃናት ማቆያ ላስገባው ነው። ቦታውን ላይ ስሄድ ትንንሽ ልጆች ወይን በእጃቸው ይዘው እየበሉ ሲሯሯጡ ነበር። አንዷ ሞግዚት ደግሞ «አልበላም ካለ እያባበልን ሳህኑን እናስጨርሰዋለን» አለችኝ። ልጄ የሚበላው ጥቂት ነው፤ ትንም ቶሎ ይለዋል። ምን ልጠይቃቸው?

መልስ፦ ያዩት ነገርና የሰሙት ነገር አደጋቸው አንድ ነው። እየሮጠ የሚበላ ልጅ ጉርሻው አፉ ውስጥ እያለ ይስቃል፤ ሳይፈልግ የሚጎርስ ደግሞ ያለቅሳል። ሁለቱም በድንገት አየር ወደ ውስጥ ሲስቡ ምግቡ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ስለዚህ ከምግብ ዝርዝሩ በፊት «ልጆቹ ተቀምጠው ነው የሚበሉት? እስኪጨርሱ ፊት ለፊታቸው የሚቀመጠው ማን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጀርባዋን ሰጥታ ዕቃ የምታጥብ ሞግዚት እየጠበቀች ነው አይባልም፤ የታነቀ ልጅ ድምፅ የለውም።

በዚህ ዕድሜ የፊት ጥርሶች ይነክሳሉ፣ የሚያደቁት መንጋጋዎች ግን ገና እየወጡ ናቸው። ልጅዎ ከፖም ይገምጣል እንጂ አያልመውም። ከሁሉ የከፋው ክብና የሚያዳልጥ ነገር ነው፤ ሙሉ የወይን ፍሬ ጉሮሮ ላይ እንደ ውታፍ ግጥም ይላል፣ በጎኑ አየር የሚያልፍበት ቀዳዳ አይተውም። ወይን በቁመቱ ለ4 ይሰንጠቅ። አግድም ለሁለት መቁረጥ ብዙዎች የሚሠሩት ስህተት ነው፤ ክብነቱ እንዳለ ይቀራል። ቋሊማም በቁመቱ ተሰንጥቆ ይከተፋል። ካሮት በሁለት ጣት ሲጫኑት እስኪፈርስ ይቀቀል። የኦቾሎኒ ቅቤ ዳቦ ላይ ስስ ተደርጎ ይቀባ፤ በማንኪያ ሙሉ ሲሰጥ ይጣበቃል። ሙሉ ኦቾሎኒ፣ ፈንዲሻና ጠንካራ ከረሜላ 4 ዓመት እስኪሞላው አይስጡት።

ትን ያለው ልጅ ያስላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ያለቅሳል። አየር እየገባ ስለሆነ አጠገቡ ሆኖ እንዲያስል መተው ነው። ድምፁ ከጠፋ፣ ማሳል ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን ታንቋል። ከ1 ዓመት በላይ የሆነው ወደ ፊት ጎንበስ ይደረግና ጀርባው ላይ፣ በትከሻ አጥንቶቹ መካከል፣ በመዳፍ ሥር 5 ጊዜ ጠንከር ተደርጎ ይመታል። ካልወጣ ከኋላ አቅፈው ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ሆዱን በጡጫ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይጫኑ፤ እስኪወጣ ድረስ ሁለቱን ያፈራርቁ። ከ1 ዓመት በታች ላለው ሆድ አይጫንም፤ ጭንቅላቱ ዝቅ ብሎ በክንድ ላይ በደረቱ ተኝቶ 5 ጊዜ ጀርባው ይመታል፣ ከዚያ ተገልብጦ ደረቱ መሐል 5 ጊዜ ይጫናል። ልጁ ራሱን ከሳተ ወዲያው ደረት መጫንና ትንፋሽ መስጠት ይጀመር፣ አምቡላንስም ይጠራ። የማይታይ ነገር ፍለጋ ጣት አፍ ውስጥ አይከተት፤ ይበልጥ ወደ ታች ይገፋዋል። ሞግዚቶቹን ይህን በአሻንጉሊት እንዲያሳዩዎ ይጠይቋቸው። የሠለጠነ ሰው አያንገራግርም።

ሳህን ማስጨረሱን በግልጽ ይከልክሉ። ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ የሚወስነው አዋቂ ነው፤ ምን ያህል እንደሚበላ ግን ልጁ። ከ1 ዓመት በኋላ እድገት ስለሚዘገይ የምግብ ፍላጎት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ ክብደቱ በእድገት ሰንጠረዡ ላይ መስመሩን ጠብቆ ከሄደ አይጨነቁ። በየ2 እና 3 ሰዓቱ ምግብ ይቅረብለት፣ በመሐል ውኃ ብቻ። አዲስ ምግብ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ቀርቦለት ሊቀበል ይችላል። ብዙ ጊዜ የምግብ ጠላቱ ጡጦ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወተት የሚጠጣ ልጅ ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠግቧል፣ የብረት እጥረትም ሊያገኘው ይችላል። በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ወተት ይበቃዋል። ጭማቂ ካስፈለገ ከ120 ሚሊ ሊትር አይብለጥ።

ምሳ ከቤት የሚልኩ ከሆነ ማቆያው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ5 ዲግሪ በታች ያስቀምጠው። ውጭ 2 ሰዓት የቆየ ምግብ ይደፋል። ሲሞቅ እስከ መሐሉ 74 ዲግሪ ይድረስ፣ ይማሰል፣ ከዚያ እስኪበርድ ይጠበቅ፤ ማይክሮዌቭ ዳሩን ቀዝቃዛ ትቶ መሐሉን ሊያፈላው ወይም ተቃራኒውን ሊያደርግ ይችላል። ዳይፐር የሚቀየርበት ቦታና ምግብ የሚዘጋጅበት መለያየታቸውንም ይዩ። እጅ በሳሙና 20 ሰከንድ ነው የሚታጠበው፤ ተቅማጥና ትውከት ከሚያመጡ ቫይረሶች አንዳንዶቹን አልኮል ጄል በደንብ አይገድላቸውም።

አለርጂ ካለው በጽሑፍ ይስጧቸው፣ ማዕድ ቤቱም ክፍሉም ይለጠፍ። ሁለተኛውን ጉብኝት በምሳ ሰዓት ያድርጉት፤ ወይኑ እንዴት እንደተቆረጠም ያን ጊዜ ያያሉ።