ራሙን ከመመለስህ በፊት አንድ በአንድ እየሰካህ እየው

ሰላም ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ሲፒዩህ የኤኤምዲ ራይዘን 5 3600 ነው፣ ኮምፒውተርህ 2 ባለ 8 ጊጋ ራም ነበረው፣ አሁን ሌላ 2 ባለ 8 ገዝተህ 32 አደረስከው፣ ከዛ ወዲህ ጌም ስትከፍት ሰማያዊ ስክሪን ይመጣብሃል፣ አንዳንዴ ደሞ ፋኑ ይዞራል ሞኒተሩ ግን ጭልም ነው። ሻጩ "ራሙ ሰላም ነው፣ ሱቅ ላይ ሞክሬዋለሁ" ብሎሃል፣ እዚህ ደሞ ሁሉም "ፎርጅድ ሸጦልህ ነው፣ መልስለት" እያለህ ነው። እኔ ሰውየው እውነቱን ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ። ራም ለብቻው ጤነኛ ሆኖ ከነባሮቹ ጋር ሲሆን አልግባባም የሚልበት ጊዜ ብዙ ነው፣ ሱቅ ላይ ደሞ የሞከረልህ ብቻውን ነው።

መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የቦርዱ ሴቲንግ) ገብተህ ኤክስኤምፒ የሚባለውን የራም ማፍጠኛ አጥፋው፣ አንዳንድ ቦርድ ላይ ዲኦሲፒ ነው የሚለው። ማሸጊያው ላይ ፍጥነቱ 3200 ስለተጻፈ ዝም ብሎ በ3200 የሚሰራ ይመስለናል እንጂ አብዛኛው እንደዚ አይነት ራም ሲሰካ በ1.2 ቮልት 2133 ወይ 2400 ወይ 2666 ላይ ነው የሚነሳው፣ ወደ 3200 የሚወስደው ኤክስኤምፒው ነው፣ ለዛም 1.35 ቮልት ይሰጠዋል። ኦቨርክሎክ ማለት ነው በአጭሩ። ኤኤምዲ ራሱ ላንተ ሲፒዩ 3200 ያለው ለ2 ራም ነው፣ 4 ስሎት ሲሞላ 2933 ነው የሚለው፣ አራቱም ባለ ሁለት ራንክ (ቺፖቻቸው በሁለት ቡድን የተከፈሉ) ከሆኑ ደሞ 2667። ስለዚ 4ቱን ሰክተህ ኤክስኤምፒ ከፍተህ ከሰራ እሰየው፣ ካልሰራ ደሞ ማንም ዋሽቶህ አይደለም። በእጅህ 2933 ላይ አድርገው፣ እምቢ ካለ 2667። ጌም ላይ የምታጣው ትንሽ ፍሬም ነው፣ በየሰዓቱ ሰማያዊ ከሚመጣብህ እሱ ይሻላል።

ሞኒተሩ ጨልሞ ባዮስ መግባት ካልቻልክ ፓወሩን ከሶኬት ነቅለህ ቦርዱ ላይ ያለችውን ክብ ባትሪ 2032ን አውጣትና ትንሽ ደቂቃ ቆይተህ መልሳት፣ ሴቲንጉ ወደ ድሮው ይመለሳል። ከዛ አራቱንም ራም አውጥተህ አንዱን ብቻ ከሲፒዩ ሲቆጠር ሁለተኛው ስሎት ላይ ስካ፣ ቦርዱ ላይ ኤ2 ይለዋል። ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫነው፣ ብዙ "የሞተ ራም" ግማሹ ብቻ የገባ ሆኖ ነው የተገኘው። ነባሮቹ አቧራ የበሉ ከሆነ ወርቃማውን ጥርስ በነጭ ላጲስ ቀስ ብለህ ፈግፍገው፣ ፍርፋሪው ስሎት ውስጥ እንዳይገባ ብቻ።

አሁን ዋናው ነገር። ፍላሽ ላይ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ጫንና ከፍላሹ አስነሳው፣ አንዱን ራም ለብቻው ሌሊቱን ሙሉ አስኪደው፣ መብራት ካልሄደ ጠዋት ውጤቱን ታያለህ። የዊንዶውሱ ቴስት ምንም የለም ያለውን ራም ሜምቴስት በቀይ ሞልቶ አሳይቶኛልና በሱ አትመን። "አንድ ኤረር ብቻ ነው" የሚባል ነገር የለም፣ አንድ ከመጣ መጣ ነው። ራሞቹ ላይ በማርከር 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለህ ጻፍ፣ ውጤቱን ወረቀት ላይ ያዝ፣ አለዚያ ሶስተኛው ላይ ስትደርስ የቱ የቱ እንደነበር ይጠፋብሃል (እኔን ያየ)። ያው አንዱ ራም የትም ስሎት ብታዞረው ኤረር ካመጣ በቃ እሱ ነው፣ ይዘህ ሻጩጋ ሂድ። የትኛውም ራም አንድ ስሎት ላይ ብቻ ኤረር ካመጣ ግን ስሎቱ ወይ ሲፒዩው ነው። ለየብቻ ሁሉም አልፈው 4 ሲሆኑ ብቻ ከሆነ ከላይ ያልኩህ የስፒድ ነገር ነው።

ይሄን ሁሉ የምቸከችክልህ ገንዘብ ከስሬ ስለተማርኩት ነው። እኔጋ የኢንቴል አይ5 10400 ነበር፣ 16 ጊጋ ሰክቼ 8 ብቻ ነው የሚያየው። አዲስ ራም ገዛሁ፣ ያው። ሌላ ቀየርኩ፣ ያው። ሶስተኛ ልገዛ ስል አንድ ጓደኛዬ "ሲፒዩውን አንስተኸው ታውቃለህ?" አለኝ። አንስቼ ቦርዱ ላይ ያለውን መቀመጫውን በስልክ መብራት ወደ ጎን ሳየው እዛ ሁሉ የተደረደረ ፒን መሃል አንዷ ተጋድማለች፣ ከላይ ስታየው ምንም የለውም፣ መብራቱን ስታጋድለው ብቻ ነው ነጸብራቋ ከሌሎቹ የሚለየው። በሲሪንጅ መርፌ ትንፋሼን ይዤ ቀና አደረኳት፣ 16ቱም መጣ። ስገጣጥም ያጣመምኳት እኔው ራሴ ነኝ፣ ሁለት ሻጭ ስሳደብ ከርሜ።

የኔ ፒኑ ቦርዱ ላይ ነበር፣ ያንተ ግን ኤኤም4 የሚባለው የሲፒዩ መግጠሚያ ስለሆነ ፒኑ ያለው ሲፒዩው ላይ ነው። ኩለሩን ለማንሳት ከተገደድክ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ትንሽ አስነስተህ አሙቀው፣ አጥፋና ፓወሩን ንቀል፣ ከዛ ኩለሩን ግራና ቀኝ እያወዛወዝክ አላቀው፣ ቀጥ አድርገህ ከሳብከው መሃላቸው የተቀባው ፔስት ሲፒዩውን አጣብቆ ከነፒኑ ይዞት ይወጣል። ስትመልሰው ብሎኖቹን በሰያፍ ትንሽ ትንሽ እያልክ እሰር፣ አንዱን ጥግ እስከ መጨረሻው ካጠበቅከው ሲፒዩው እኩል ስለማይጫን አንዱ የራም ቻናል (ሲፒዩው ከራሙ ጋር የሚገናኝበት መስመር) ሊጠፋ ይችላል።

ባዮስ አፕዴት አድርግ ያሉህም ልክ ናቸው፣ አዲሱ ባዮስ ለራም ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፣ ግን ዩፒኤስ ከሌለህ አትንካው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ የራሙን ጉዳይ ረስተህ ቦርድ ፍለጋ ነው የምትወጣው።

ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም አውርደህ ኤስፒዲ የሚለው ገጽ ላይ (የእያንዳንዱን ራም መረጃ ያሳያል) የ4ቱንም ስሎት ስክሪንሾት እዚህ ለጥፈው፣ ሞዴል ቁጥራቸው አንድ ሆኖ ውስጡ ያለው ቺፕ የአንዱ ሳምሰንግ የሌላው ማይክሮን ሊሆን ይችላል። የቦርድህንም ስም ጻፍ፣ እሱን አልነገርከንም።