ጥርስ ውስጥ የገባው «ሞላ»

ከደብረ ብርሃን አንዲት አንባቢ እንዲህ ብላ ጠይቃኛለች፦ «የልጄ ጥርስ ሽቦ ላይ ሞላ ይጨመራል አለኝ ሐኪሙ። እናቴ ደሞ ጥርሷ ሳይቦረቦር ምኑን ነው የሚሞሉት ብላ ተቆጣች። ሞላ የመጣው ከመሙላት ነው እንዴ? ስፕሪንግ ብንለውስ?»

እህቴ፣ እናትሽ አልተሳሳቱም። ጥርስ ማስሞላት የሚባለው የተቦረቦረውን ማስደፈን ነው፣ እሱ ሞላ የግዕዙ መልአ ነው፣ ምሉእም ሙሉም ከዚያው ነው የወጡት፣ ዓረብኛውም መለአ ይላል። የመኪናው ሞላ ግን ጣሊያን ነው፣ እነሱም ላን አጥብቀው ሞላ ነው የሚሉት፣ ሥሩ የላቲኑ ሞሊስ ነው፣ «ለስላሳ» ማለት (የአይሱዙ ሞላ እግሩ ላይ ለወደቀበት ሰው ይሄን ንገሪው እስቲ)።

«ሰዓት ስለሚሞላበት ነው ሞላ የተባለው» የሚሉ አሉ፣ ይሄን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በአማርኛ ወግማ ቢሆን መሙያ ነበር የሚባለው! ኃላፊ ግስ እንዳለ የሰው ስም ይሆናል፣ ሞላም ተፈራም አለ፣ የዕቃ ስም ሲሆን ግን የት ታየ? «ሞላ ሞላውን ሞላው» ብትዪ ሰውዬው የሰዓቱን ሞላ ጠመዘዘ ነው፣ ሦስት ጊዜ አንድ ድምፅ፣ ሥሩ ግን ሁለት። ደሞ ጋራዥ ውስጥ ጓደኞቹን እዪ፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ካቻቢቴ፣ ባሌስትራ፣ ሁሉም ጣሊያን። ባሌስትራ፣ የመኪናው ዝርግ ሞላ፣ እንዲያውም ድሮ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ነበር። በ1928–33ቱ ወረራ የጣርማ በርን ዋሻ ሲፈለፍሉ በዚያው መንገድ ነው ቃላቱ ወደኛ የወጡት ብዬ አምናለሁ፣ ማስረጃ አምጣ ካልሽኝ የደብረ ሲና ሹፌሮች አፍ ነው ማስረጃዬ።

የልጅሽ ሞላ ትንሽ የሽቦ ጥቅልል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከኒኬልና ከቲታኒየም የሚሠራ። ተለጥጦ የሚታሰረው ጥርሶቹን ስቦ ክፍተት ይዘጋል፣ ተጨምቆ የሚገባው ደሞ ሁለት ጥርስ ገፍቶ ቦታ ይከፍታል። እንግዲህ አስቢው፣ ባዶ ቦታ የሚሠራ ሞላ! ከመሙላት ጋር ምን አገናኘው?

ስፕሪንግ አይጥመኝም። ያገሬ ሰው አፍ ሲገባ እስፕሪንግ ይሆናል፣ ሞላ ደሞ ከለመድነው ስንት ዘመኑ። ግን ምን ላድርግ፣ ልጆቹ ስፕሪንግ ብለውታል፣ ጥርስ ቤት ማስሞላት የሚባል ነገር እያለ ሞላ ማለት እንደሚያደናግርም እናትሽ አሳይተውናል፣ እዚያ ብቻ ስፕሪንግ ይሁንላችሁ። «ምንጭ» ብሎ የሚተረጉም ካጋጠመሽ ግን ውኃ ቅጂበት በይው። ለእናትሽ ጥቅልል ሽቦ ናት በያቸው፣ ይበቃል።