እማማ ግድግዳውን ለቀለቁት

ደብረ ማርቆስ የምትማረው እህታችን፣ «የአስር ደቂቃ ፊልም አለኝ፣ ታሪኩ ገጠር ያለች አያት ቤት ውስጥ ነው፤ ሎኬሽንና ዕቃውን ያለ ገንዘብ እንዴት ላቅድ?» ብለሻል። እኔ ተማሪ እያለሁ ያበላሸሁትን ልንገርሽ።

የእኛንም ፊልም የቀረጽነው ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ቤት ነው። ያየነው መስከረም ላይ ነበር። ደጁ አደይ አበባ፣ ማሳው አረንጓዴ ጤፍ፣ የቤቱ ግድግዳ በጭስ የጠቆረ። አበድን! ስቶሪቦርዱን፣ ማለትም እያንዳንዱ ትዕይንት አስቀድሞ የሚሳልበትን ዕቅድ፣ በሙሉ ያንን ጥቀርሻ ታሳቢ አድርገን ሠራነው። ለቀረጻ ስንመለስ ኅዳር ሆኗል፣ ጤፉ ቢጫ። እሱስ ይሁን። የቤቱ ባለቤት እማማ «እንግዳ ይመጣል» ብለው ግድግዳውን በእበት ለቅልቀው፣ ምሰሶው ላይ የፕላስቲክ አበባ ሰቅለው ጠበቁን። ምን ይባላል? አመስግነን ቡናቸውን ጠጣን።

ስለዚህ ቤቱን ያየሽ ዕለት «እንዳለ ይቆይልኝ» በያቸው። ይስቁብሻል፤ ይሳቁ።

ሁለተኛው ብርሃን ነው። ቤቱ አንድ በር ብቻ ነበረው፣ ወደ ምሥራቅ የሚያይ። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ፀሐይ ምድጃው ድረስ ትገባለች፤ ጭስ ሲነሳ ጨረሯ ራሱ ይታያል። ከ4 ሰዓት በኋላ ድቅድቅ ጨለማ። ይህን የነቃነው በሁለተኛው ቀን ነው! አንቺ ቀድመሽ ሄደሽ ሙሉ ቀን ተቀመጪና በየሰዓቱ በስልክሽ ፎቶ አንሺ። በር ላይ ነጭ አንሶላ መሬት ላይ ብታነጥፊ ብርሃኑን ወደ ውስጥ ይመልስልሻል። ውጭ ቀትር ላይ አትቅረጪ። በተለይ ሚያዝያ ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትቆም የሰው ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። የምሽቷ ቆንጆ ብርሃን ደግሞ ቶሎ ታልቃለች፤ ከአንድ ሾት በላይ አትመድቢላት።

አዲስ ነጭ ጋቢ ጠላትሽ ነው። ጨለማ ቤት ውስጥ ካሜራው ላይ እሱ ከመጠን በላይ ያበራና ፊት ይጠቁራል። እኛ በቡና አተላ ነክረን አደበዘዝነው። ኩራዝ ካበራሽ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን) አውቶ ላይ አትተዪው፤ 5600 ኬልቪን፣ ማለትም የቀን ብርሃን ላይ ቆልፊው፣ ቢጫው ይቆይልሻል።

ዕቃ አታብዢ። ታሪኩ የሚነካቸው ሁለት ሦስት ይበቃሉ። ጎጃም ነው ብለሽም ወንዱን ሁሉ አረንጓዴ ቁምጣ አልብሰሽ ዱላ ብታስይዢው ፖስትካርድ ነው የሚሆንብሽ።

ግድግዳውስ? ስክሪፕቱን ቀየርነው። አያትየው የልጅ ልጃቸው ይመጣል ብለው ቤቱን ሲለቀልቁ የከረሙ ሆኑ።