በበላበት ቀን ካልሞተ፣ አዳም መቼ ሞተ? (ጥያቄና መልስ)

እሑድ ደሴ ላይ ከጉባኤ በኋላ በወረቀት ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሞት ናቸው። የሚመሳሰሉትን እያጣመርኩ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ እግዚአብሔር አዳምን «ከእርሱ በበላህ ቀን ሞትን ትሞታለህ» አለው (ዘፍ 2፥17)። አዳም ግን በልቶም 930 ዓመት እስኪሞላው ኖረ (ዘፍ 5፥5)። ነገሩ እንዴት ነው?

መልስ፦ ይቺ ጥያቄ የማትነሳበት ጉባኤ የለም። አባቶች አንዱን ቃል በብዙ መንገድ በሚተረጉም ስልት፣ በ«አንድም»፣ ይፈቱታል፤ ሁለቱን ልንገርህ።

ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ሥጋ ይሞታል። ነፍስ ከእግዚአብሔር ስትለይ ደግሞ ራሷ ትሞታለች። ይህኛው ሞት በዚያው ቀን ደርሷል። ምዕራፍ 3ን ቀጥለህ አንብብ። አዳም የአምላኩን ድምፅ ሲሰማ ዛፍ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ። ይሄዳል፣ ያወራል፣ ሰበብም ይደረድራል። ግን ሞቷል።

አንድም፣ መጽሐፈ ኩፋሌ ሌላ መንገድ ይከፍታል። ኩፋሌ ሙሉው ተጠብቆ የቆየው በግእዝ ነው። አዳም ሺህ ዓመት ሊሞላው 70 ሲቀረው ሞተ ይላል። በሰማይ ምስክርነት ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ስለሆነ፣ የሞተው በበላበት ቀን ውስጥ ነው ማለት ነው። ጴጥሮስም ስለ ሺህ ዓመትና ስለ አንድ ቀን ያንኑ ይላል (2ጴጥ 3፥8)።

እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ኩፋሌ ሒሳቡን ያስታርቃል፤ አዳም ለምን እንደተደበቀ ግን አይነግረንም።

ጥያቄ፦ ማቱሳላስ ሺህ አላለፈም?

መልስ፦ 969 ላይ ቆመ። በዘፍጥረት ዕድሜያቸው ከተቆጠረው ሺህ የደፈነ አንድም የለም።

ጥያቄ፦ ነፍሱ ያን ቀን ከሞተች ሥጋው ለምን ይህን ያህል ቆየ?

መልስ፦ ለንስሐ ጊዜ እንዲያገኝ ነው። ከሕይወት ዛፍ የተከለከለውም እንደተጎዳ ለዘላለም እንዳይኖር ነው። «ከአምስት ቀን ተኩል በኋላ» መጥቶ ሊያድነው የተገባለትን ኪዳንም አስብ። እዚህም አንዱ ቀን ሺህ ዓመት ነው፤ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን የምንለው ከዚህ መጣ።

ጥያቄ፦ ጌታ አባቱን ልቅበር ያለውን ሰው «ሙታናቸውን እንዲቀብሩ ሙታንን ተዋቸው» አለው (ማቴ 8፥22)። እኛ አገር እንዲህ ቢባል ቅሬው (የቀብር ዕድሩ) ምን ይል ነበር?

መልስ፦ አሳቅሽኝ እህቴ! ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተያይዞ በሚቀብርበት ወሎ ይህ ጥቅስ ሲነበብ ፊት ይቋጠራል።

የሚቀበሩት በሥጋ የሞቱ ናቸው። ቀባሪዎቹ ደግሞ ቆመው የሚሄዱ፣ ነፍሳቸው ግን ከአዳም ጋር የተደበቀች። መጽሐፍ እንዲህ መናገር ልማዱ ነው። የጠፋው ልጅ ሩቅ አገር እሪያ ሲጠብቅ ነበር፤ አባቱ ግን «ይህ ልጄ ሞቶ ነበር» አለ (ሉቃ 15፥24)።

ጌታ ቀብርን አልነቀፈም። ራሱ ለአልዓዛር አልቅሷል። ጦቢት ንጉሥ እያሳደደው ሬሳ ይቀብር ነበር፤ መጽሐፉ ያመሰግነዋል። የጌታንም ሥጋ የቀበሩት ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ናቸው፤ በየዓመቱ በስቅለት እናነሳቸዋለን። የሰውየው ችግር «አስቀድሜ» ማለቱ ነው። ክርስቶስን ተራ አስያዘው።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምሠራው። ፈረቃ ሲገጥመኝ ቀብር እቀራለሁ። ይህ ጥቅስ ይሆነኛል?

መልስ፦ አይሆንህም! ለቅሬህ አስቀድመህ ንገር፤ ስትወጣ ለቅሶ ድረስ።

ጥያቄ፦ «ሙታን አንዳች አያውቁም» (መክ 9፥5) ካለ ፍትሐትና ተዝካር ምን ይጠቅማል?

መልስ፦ ይህን ቁጥር ብቻውን መዝዘው የሚያመጡልኝ ብዙ ናቸው። ቀጣዩን አንብብ። «ከፀሐይ በታች» በሚሠራው ዕድል ፈንታ የላቸውም ይላል። ሰባኪው የሚያወራው ስለ ገበያው፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ፍቅርና ጥሉ ነው። ሟች ከዚያ ወጥቷል። ያው መጽሐፍ ምዕራፍ 12 ላይ ነፍስ ወደ ሰጣት አምላክ እንደምትመለስ ይናገራል። በራእይ 6 ደግሞ የሰማዕታት ነፍሳት «እስከ መቼ?» ብለው ይጮኻሉ። ምንም የማያውቅ እንዲህ አይጠይቅም። ስለዚህ ጸሎቱ የሚደርሰው ላለ ሰው ነው። ድግሱን በተመለከተ ግን፣ ተበድሮ ተዝካር ማውጣት ሟቹን አይጠቅምም፤ ያለህን ለነዳያን ስጥ።

ጥያቄ፦ ሄኖክና ኤልያስስ? እነሱ አልሞቱም።

መልስ፦ እስካሁን አልሞቱም። ራእይ 11 ላይ የሚገደሉት ሁለቱ ምስክሮች እነሱ ናቸው ብለን እንማራለን። ስለ ሐሳዊ መሲሕ የጻፋችሁ ብዙ ናችሁ፤ እሱን ለሚቀጥለው እሑድ አቆየሁት።