«ሬቲኖይክ አሲድ ሰጠሁ፣ ሴሎቹ ግን አልተለወጡም» ላላችሁኝ

ከደብረ ብርሃን አንዲት ተማሪ ጠየቀችኝ፦ «የኒውሮብላስቶማ (የሕፃናት ነርቭ ካንሰር) ሴሎቼ ሬቲኖይክ አሲድ (ከቫይታሚን ኤ የሚገኝ፣ ሴልን የሚያበስል ንጥረ ነገር) ተሰጥቷቸው ወደ ነርቭ ሴልነት አልሄዱም። የትኛውን ማይክሮአርኤንኤ (የፕሮቲን መመረትን የሚቆጣጠር አጭር የአርኤንኤ ቁራጭ) ልለካ?» ልጄ፣ እሱን ለጊዜው ተዪው። የዛሬ ወጣት ቀለማት ያሸበረቁበትን ግራፍ ይወዳል፤ ብልቃጡን የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

ሬቲኖይክ አሲድን ብርሃንና አየር ያበላሹታል። 3 ሚሊግራሙን ዲኤምኤስኦ በተባለው ማሟሚያ 1 ሚሊሊትር ውስጥ ብታሟሙት 10 ሚሊሞላር ይሆናል። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ፣ በፎይል ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ አኑሩት፤ አንዴ የቀለጠው ቱቦ ወደ ፍሪዘር አይመለስ። ነፍሰ ጡር ዱቄቱን አትመዝን፤ ፅንስ ይጎዳል። ለእነዚህ ሴሎች የተለመደው መጠን 10 ማይክሮሞላር ነው። ሴረሙን (ለሴሎቹ ምግብነት የሚጨመረውን የደም ውኃ) ወደ 1 በመቶ አውርዱ፣ ሚዲያውን (ሴሎቹ የሚያድጉበትን ፈሳሽ) ከነአሲዱ በየ2 ቀኑ ቀይሩ፤ ሴሎቹ ራሳቸው አሲዱን በኤንዛይም ይሰባብሩታልና። 5 ቀን ሳይሞላ «እምቢ አለ» አይባልም። ዲኤምኤስኦ ብቻ የተሰጠው ሳህንም ጎን ለጎን ይኑር፤ ኤችኤል-60 የሚባሉት የደም ካንሰር ሴሎች 1.3 በመቶ ዲኤምኤስኦ ብቻውን ወደ በሰለ ሴልነት ይለውጣቸዋል።

የደጋ ጣጣም አለ፤ የፈረንጅ ፕሮቶኮል አይነግራችሁም። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ በላይ ያንሳል። ኢንኩቤተሩ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ሳጥን) ግፊቱን ራሱ የማያስተካክል ከሆነ፣ 5 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲል ሴሎቹ የሚያገኙት እታች አገር 3.6 በመቶ የሚሰጠውን ያህል ነው። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከፍ ይላል፣ ሚዲያው ወደ ሐምራዊ ያደላል። ወደ 7 በመቶ አድርሱትና በፒኤች መለኪያ አረጋግጡ።

የጤና ኬላው የቫይታሚን ኤ እንክብል ይተካዋል? አይተካውም። በውስጡ ያለው ገና ወደ አሲድ ያልተለወጠ ሬቲኒል ፓልሚቴት የሚባል የሬቲኖል ዓይነት ነው።

ማይክሮአርኤንኤውን ተዪው አልኩ እንጂ እኔንም የሚማርከኝ እሱ ነው። በአንድ ዓይነት የደም ካንሰር አሲዱ ሲገባ ሚር-223 የተባለው ማይክሮአርኤንኤ ይጨምራል፤ እሱም በተራው አፍኖት የነበረውን የኤንኤፍአይኤ ፕሮቲን መመረት ያዳክማል። ግን መጨመሩ ብቻ መሪነቱን አያሳይም። አሲዱን እየሰጣችሁ ማይክሮአርኤንኤውን በማገጃ ዝጉት፤ ለውጡ ከቆመ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከዚያም ያለ አሲድ እሱን ብቻ ጨምሩ፤ ግማሽ ለውጥ ብቻ ከመጣ አትደነቁ። ስትለኩም ተራውን የአርኤንኤ ማጣሪያ ኮለም አትጠቀሙ፤ 22 ፊደል ገደማ ያላት ቁራጭ ከእጥበቱ ጋር ትሄዳለች።