የአንባቢዎች ጥያቄ፦ የዲሲ ፓርኪንግ ትኬት፣ ችሎቱና የከተማው ምክር ቤት

በዚህ ዕትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች በሙሉ ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ስለሚጻፉ የፓርኪንግ ትኬቶች ናቸው። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች የሚኖሩት ሜሪላንድና ቨርጂንያ ነው፤ ለሥራ፣ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለዘመድ ጥየቃ ግን ዲሲ ይገባሉ። መልሶቻችን የዲሲን ደንብ ብቻ የሚመለከቱ ናቸው።

ጥያቄ፦ እህቴ ሰፈር መኪናዬን አቆምኩ። ምልክቱ ፈቃድ ለሌለው መኪና ሁለት ሰዓት ይላል። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወጥቼ ወደሚቀጥለው መንገድ አዛወርኩት፤ ግን ተቀጣሁ። ይህ ልክ ነው? *(ከአሌክሳንድርያ)*

መልስ፦ ልክ ነው። ሁለት ሰዓቱ የሚቆጠረው ለአንድ መንገድ ሳይሆን ለመላው ዞን ነው። ዞኖቹ ከ1 እስከ 8 ያሉትን ዋርዶች (የከተማውን የምርጫ ክልሎች) ስለሚከተሉ ሰፊ ናቸው፤ አንድ መንገድ አልፎ ማቆም ቆጠራውን ከዜሮ አያስጀምርም። ተቆጣጣሪዎቹ ታርጋ የሚያነብ ካሜራ ስላላቸው የመጀመሪያው ቦታ ተመዝግቦ ይቆያል። በዚህ ምክንያት «አንቀሳቅሼዋለሁ» ብሎ መከራከር አያዋጣም፤ እንዲያውም በዞኑ ውስጥ ከተፈቀደው በላይ መቆየትዎን በራስዎ አፍ ማረጋገጥ ይሆናል።

መፍትሔው እህትዎ ጋ ነው። የዞኑ ነዋሪ ለእንግዳዋ ጊዜያዊ ፈቃድ ፓርክ ዲሲ በሚባለው የከተማው የኢንተርኔት ሥርዓት ማውጣት ትችላለች። ታርጋዎን ስትሞላ ኦ ፊደልንና ዜሮ ቁጥርን እንዳትለዋውጥ ይጠንቀቁ፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ ፈቃዱ እንደሌለ ይቆጠራል። ፈቃዱ ሜትር (የማቆሚያ ክፍያ የሚቀበል ማሽን) ባለበት ቦታ፣ በመንገድ ጽዳት ሰዓትና በሥራ መግቢያና መውጫ መቆም በሚከለከልባቸው መንገዶች ላይ አይሠራም።

አዳር የሚያዘወትሩ ከሆነ ሌላም ነገር አለ። የውጭ ታርጋ ያለው መኪና በ30 ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜና ከዚያ በላይ ከታየ ከተማው ባለቤቱን እንደ ነዋሪ ቆጥሮ «መኪናህን ዲሲ አስመዝግብ» የሚል ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቀጥሎ ትኬት ይመጣል። ማስጠንቀቂያው እንደደረሰዎ ሌላ ቦታ እንደሚኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ አያይዘው ለዲኤምቪ (ለከተማው የተሽከርካሪዎች መሥሪያ ቤት) ያመልክቱ። ትኬቱ እስኪጻፍ አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ምልክቱን የዛፍ ቅርንጫፍ ሸፍኖት አላየሁትም፤ ትኬት ተጻፈብኝ። ባለቤቴ «ክፈልና ተገላገል» ትላለች። ብከራከር አሸንፋለሁ? *(ከዲሲ)*

መልስ፦ የሚወሰነው ዛሬ በሚያነሷቸው ፎቶዎች ነው። ከከፈሉ ጥፋቱን እንዳመኑ ይቆጠርና ጉዳዩ ይዘጋል፤ ስለዚህ ለመከራከር ካሰቡ አይክፈሉ።

ትኬት በራሱ ማስረጃ ነው። የጻፈው ሰው ቀርቦ ባይመሰክርም ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እውነት ነው ተብሎ ይነሳል፤ ያንን የማፍረስ ሥራ የእርስዎ ነው። ትኬቱን የሚያየው የዲኤምቪ ችሎት የሚቀበላቸው ምክንያቶች ጥቂት ናቸው፦ መኪናው በዚያ ቀን የእርስዎ እንዳልነበረ ወይም እንደተሰረቀ፣ ምልክቱ እንዳልነበረ ወይም እንደተሸፈነ፣ ሜትሩ እንደተበላሸ፣ ወይም ትኬቱ ላይ የተጻፈው ከሆነው ነገር ጋር እንደማይገጥም። «አምስት ደቂቃ ብቻ ነው የቆየሁት»፣ «ሌሎችም ቆመው ነበር»፣ «ደንቡን አላወቅሁም» የሚሉት ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የሉም። ሰዎች ገጽ ሙሉ የሚጽፉት ግን ብዙ ጊዜ እነዚህኑ ነው፤ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ከሥሩ ጥሩ መከራከሪያ ተቀብሮ ይቀራል።

መኪናውን ሳያንቀሳቅሱ የሚከተሉትን ያንሱ። መጀመሪያ ከመንገዱ አንድ ጥግ እስከ ሌላው ጥግ ያለውን ሙሉ ገጽታ፣ ከሁለቱም አቅጣጫ። እርስዎ ያላዩት ምልክት ከአስር ሜትር በኋላ ቆሞ ቀስቱ ወደ መኪናዎ ቢያመለክት ያስፈርድብዎታል፤ የአንድ ዛፍ ፎቶ ብቻ ይህን ጥርጣሬ አያስወግድም። ቀጥሎ ከመኪናው በስተፊትና በስተኋላ ያሉትን ምልክቶች፣ ከነቀስታቸው። ከዚያ ታርጋዎና የተሸፈነው ምልክት በአንድ ላይ የሚታዩበትን አንድ ፎቶ፤ በመጨረሻም የትኬቱን ሙሉ ገጽ። ሲጨርሱ ወደ 311 (የከተማው የአገልግሎት ስልክ) ደውለው ቅርንጫፉ እንዲቆረጥ ያመልክቱና የማመልከቻውን ቁጥር ይያዙ። ከተማው ራሱ የመዘገበው አቤቱታ ከእርስዎ ቃል ይልቅ ይታመናል። የጎግል መንገድ ፎቶ ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑ ከትኬቱ ቀን ስለሚለይ።

ለችሎቱ የሚያስገቡት ማመልከቻ አጭር ይሁን፦ የትኬት ቁጥር፣ ታርጋ፣ ቀንና ሰዓት፣ መንገዱና ከየትኛው እስከ የትኛው መስቀለኛ እንደሆነ፣ ከዚያ አንድ ምክንያት፣ ከዚያ በተራ ቁጥር የተያያዙ ፎቶዎች። ትኬቱ ከተጻፈበት ቀን አንስቶ 30 ቀን ሳይሞላ ያስገቡ፤ የዘገየ ትኬት ቅጣቱ እጥፍ ይሆናል።

ከተፈረደብዎ መጀመሪያ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ በ30 ቀን ውስጥ ማመልከት አለብዎ። ያም ካልተሳካ ወደ ይግባኝ ቦርዱ መሄድ ይቻላል፤ ለዚያ ግን ቅጣቱን አስቀድመው መክፈልና 10 ዶላር የይግባኝ ክፍያ ማስያዝ ይኖርብዎታል። ቦርዱ የሚመረምረው መዝገቡን ነው፤ ስለዚህ ያላያያዙት ፎቶ እዚያ አይረዳዎትም።

በወረቀት የተለጠፉ ጊዜያዊ «ማቆም ክልክል ነው» ምልክቶችን በተመለከተ ሌሎች አንባቢዎችም ጠይቀውናል። በመኖሪያ ሰፈር ቢያንስ ከ72 ሰዓት በፊት፣ ሜትር ባለበት መንገድ ከ24 ሰዓት በፊት መለጠፍ አለባቸው። ሌሊት ተለጥፎ ጠዋት መኪናዎ ከተነሳ ጎረቤት ቀደም ብሎ ያነሳው ፎቶ ካለ እጅግ ይጠቅማል። መኪናው የጠፋ ከመሰለዎ ከፖሊስ በፊት 311 ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ጥቂት መንገዶች ርቆ ተቀምጦ ይገኛል።

ጥያቄ፦ በስልኬ ከፍዬ እያለ «ሜትር አልተከፈለም» ተባልኩ። *(ከሲልቨር ስፕሪንግ)*

መልስ፦ ደረሰኙን ከፍተው ሁለት ነገር ያመሳክሩ፦ ታርጋውንና በሜትሩ ምልክት ላይ የተጻፈውን የክፍያ ዞን ቁጥር። ሁለት መኪና ያለው ሰው መተግበሪያው ባለፈው ጊዜ የተጠቀመበትን ታርጋ ይዞ ይቀርበታል፤ የዞን ቁጥር ደግሞ ከመንገዱ ማዶ ካለው ምልክት ሲነበብ ይሳሳታል። ሁለቱም ትክክል ከሆኑ ደረሰኙን አያይዘው ይከራከሩ። የተበላሸ ሜትር ካጋጠመዎ ደግሞ በስልክ ወይም በሌላ ማሽን ይክፈሉ፤ «ሜትሩ ተበላሽቷል» ማለት የሚረዳዎ ሌላ መክፈያ ሞክረው 311 ካስመዘገቡ ነው።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ችሎት ስቀርብ የ14 ዓመት ልጄ ያስተርጉምልኝ? *(ከዲሲ)*

መልስ፦ አይ፣ ልጅዎን ከዚህ ያድኑት። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የዲሲ መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ከተገልጋዮቹ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው (ከሁለቱ ያነሰው) የሚናገረው ቋንቋ ከሆነ ዋና ዋና ሰነዶችም ይተረጎማሉ፤ አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ችሎት ሲጠይቁ እዚያው ላይ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ብለው ይጻፉ፤ በዕለቱ መጠየቅ ቀጠሮ ያስተላልፋል። ከከለከሉዎ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ ቀኑንና ሰዓቱን ይዘው ለከተማው የሰብአዊ መብቶች ቢሮ አቤት ይበሉ። ይህ ሕግ በወረቀት ላይ እንዳይቀር የሚያደርገው የእኛው መጠየቅ ነው።

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ አንድን የፓርኪንግ ሕግ እንዳሻሻለ በዜና ሰማሁ። ከሳምንት በኋላ ግን በአሮጌው ደንብ ተቀጣሁ። ዜናው ውሸት ነበር? *(ከዲሲ)*

መልስ፦ ዜናው ውሸት ላይሆን ይችላል፤ በዲሲ ግን «ጸደቀ» ማለት «ሥራ ላይ ዋለ» ማለት አይደለም። 13 አባላት ያሉት ምክር ቤት (ሊቀ መንበሩ፣ አራት የመላ ከተማው ተወካዮችና ስምንት የዋርድ ተወካዮች) አንድን ሕግ ሁለት ጊዜ ድምፅ ይሰጥበታል፤ በሁለቱ መካከል ሁለት ሳምንት ያህል ያልፋል። ብዙ ጊዜ ዜና የሚሆነው የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ከዚያ ከንቲባው 10 የሥራ ቀን አላቸው። ከፈረሙ በኋላ ሕጉ ለአሜሪካ ኮንግረስ ይላካል፤ ለ30 ቀን ይቀመጣል። ያ 30 ቀን እንደራሴዎቹ ሥራ ላይ የሚሆኑባቸውን ቀናት ብቻ ስለሚቆጥር ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በዓልና ረጅም ዕረፍት ይወጡለታል። በተግባር ወራት ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ1973 ለዲሲ ራስን ማስተዳደር የሰጠው ሕግ ይህን ቁጥጥር ለኮንግረስ አስቀርቷል፤ ለግማሽ ክፍለ ዘመን የከተማው ነዋሪ የሚከፍለው ዋጋ ነው።

ይህም አልፎ ገንዘብ የሚያስወጣ ወይም የከተማውን ገቢ የሚቀንስ ሕግ በጀት እስኪመደብለት ድረስ ላይጸና ይችላል። የቅጣት ቅነሳ ገቢ ስለሚቀንስ የፓርኪንግ ሕጎች እዚህ ላይ ቆመው ይቀራሉ። የዲሲ የበጀት ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ሕጉም ቶሎ ቢባል ያን ቀን ይጠብቃል። አስቸኳይ ሕግ ኮንግረስን አይጠብቅም፤ ግን 9 ድምፅ ይፈልጋል፣ ዕድሜውም 90 ቀን ብቻ ነው።

ትኬትዎ የሚዳኘው በተጻፈበት ቀን በጸናው ደንብ ነው። ከመከራከርዎ በፊት የሕጉን ቁጥር በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ፈልገው «የጸናበት ቀን» የሚለውን ያንብቡ። ያ ቀን ከትኬቱ ቀን በፊት ከሆነ ገጹን አትመው ያያይዙ።

ጥያቄ፦ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሳለን የምእመናኑ መኪናዎች ይቀጣሉ። ምክር ቤት ሄደን እሮሮ ብናሰማስ? *(ከቤተ ክርስቲያን የሰበካ ጉባኤ)*

መልስ፦ ሂዱ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ትኬቶቹን ሰብስባችሁ ምክንያታቸውን ለዩ። እሑድ በአብዛኛው የዲሲ ክፍል ሜትር አይከፈልም፤ የመኖሪያ ሰፈር ፈቃድም በብዛት ከሰኞ እስከ ዓርብ ነው። እሑድ ትኬት የሚያመጣው ብዙውን ጊዜ ደርቦ ማቆም፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ የአውቶቡስ ማቆሚያና ከእሳት አደጋ ውሃ ቧንቧ በ10 ጫማ ክልል ውስጥ ማቆም ነው (ሜሪላንድና ቨርጂንያ 15 ጫማ ነው)። እነዚህን ማንም የምክር ቤት አባል አያነሳላችሁም። ሎጋን ሰርክል አካባቢ አብያተ ክርስቲያናት ለዓመታት በልማድ ደርበው ያቆሙ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 መኪናቸው የታገተባቸው ነዋሪዎች ሲያማርሩ ከተማው እንደሚቀጣ አስታወቀ፣ ከባድ ክርክርም ተነሳ። በቸልታ የታለፈ ነገር መብት እንዳልሆነ ያኔ ታየ።

ልትጠይቁ የምትችሉት ሌላ ነው፤ ለምሳሌ በሥራ ቀን ብቻ የሚያስፈልግ ክልከላ እሑድ እንዲነሳ። መጀመሪያ የምትሄዱት ወደ ሰፈር አማካሪ ኮሚሽኑ፣ ማለትም ኤኤንሲ ነው። ተወካዮቹ ደመወዝ የሌላቸው በድምፅ የተመረጡ ጎረቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ወደ 2,000 የሚጠጋ ነዋሪ ይወክላል። ኮሚሽኑ በድምፅ ያጸደቀውን የጽሑፍ አቋም የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ «ትልቅ ክብደት» እንዲሰጠው ሕጉ ያስገድዳል፤ ካልተቀበለው ምክንያቱን በጽሑፍ መመለስ አለበት። ልመናችሁ አንድ ገጽ ይሁን፦ መንገዱ፣ በሰሜን ወይስ በደቡብ በኩል፣ ከየት እስከ የት፣ አሁን ያለው ምልክት ምን ይላል፣ ምን እንዲል ትፈልጋላችሁ። «የፓርኪንግ ችግራችን ይታይልን» የሚል ደብዳቤ ለማንም የሚሠራ ነገር አይሰጥም። መንገዱ ላይ የሚኖሩትን አስቀድማችሁ አነጋግሩ፤ በኮሚሽኑ ስብሰባ የሚቃወማችሁ ጎረቤት ከሌለ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ምክር ቤቱ የሚጠቅመው መሥሪያ ቤቱ ዝም ሲላችሁ ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ ወራት ኮሚቴዎቹ የእያንዳንዱን መሥሪያ ቤት አፈጻጸም በይፋ ይመረምራሉ፤ ኃላፊው እዚያው ተቀምጦ ይጠየቃል። ለምስክር የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው። «በዚህ ቀን አመለከትን፣ ኮሚሽኑ በዚህ ቀን ወሰነ፣ መልስ አልመጣም» የሚል ምስክር ለኮሚቴው ሊቀ መንበር ኃላፊውን የሚጠይቅበት ነገር ይሰጠዋል። መመዝገቢያ ቀኑና አስተርጓሚ የሚጠየቅበት ቀን በማስታወቂያው ላይ ይገኛሉ።

ጥያቄ፦ የቨርጂንያ ታርጋ ስላለኝ የዲሲን ትኬት ብተወው ምን ይመጣብኛል? *(ከአርሊንግተን)*

መልስ፦ 60 ቀን ያለፋቸው ሁለት ያልተከፈሉ ትኬቶች ጎማዎን ለማሳሰር ይበቃሉ፤ የታርጋው ግዛት ለውጥ አያመጣም። ከዚያ የማሰሪያ፣ የመጎተቻና የየቀኑ ማቆያ ክፍያ ይደራረባል። ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ስቲር የሚባለውን ሕግ አውጥቶ ዐቃቤ ሕጉ የውጭ ታርጋ ያላቸውን አደገኛ አሽከርካሪዎች ፍርድ ቤት እንዲከስ ፈቅዷል፤ በ2025 በሜሪላንድና በቨርጂንያ ነዋሪዎች ላይ ክስ ተመሥርቷል። ሕጉ በዋናነት የሚያተኩረው በፍጥነትና በመሰል ጥፋቶች ላይ ነው፤ የፍጥነት ካሜራ ዕዳ የተከማቸበት ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል። ትኬቱን ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብለው ከሰጉ የዲሲ ዲኤምቪ በታርጋዎ ትኬት ሲጻፍ በኢሜይል የሚያሳውቅ ነጻ አገልግሎት አለው፤ ዛሬውኑ ይመዝገቡ።