የባሌን ብር ላውንደሪ ውስጥ ጨመርኩት

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፣

የምጽፍልዎ ከቨርጂንያ፣ ከአሌክሳንድርያ ነው። ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አሥራ አንድ ዓመት ሆነን። ሁለት ልጆች አሉን። እሱ ታክሲ ይነዳል፣ እኔ አረጋውያን መንከባከቢያ እሠራለሁ። ጠጪ አይደለም፣ ቁማር አይነካም። የኛ ቤት ጣጣ ሳንቲም ነው።

ከጀመረው ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ባንክ ይሄድና በወረቀት የተጠቀለለ ኳርተር፣ ማለትም የአሜሪካ ሃያ አምስት ሳንቲም፣ ይገዛል። አንዱ ጥቅል 10 ዶላር ነው። ሲብስበት ሙሉ ሳጥን በ500 ዶላር ይዞ ይመጣል። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ረከቦቴን ገለል ያደርግና ጠረጴዛው ላይ ፎጣ ያነጥፋል። ከዚያ ጥቅሉን እየቀደደ ዓመቱን ማየት ነው። አሮጌና የብር ሳንቲም ይገኝበታል ይላል። ያልፈለገውን መልሶ ባንክ ይወስዳል። አንድ ቀን መስኮት ላይ ያለችው ልጅ “ላውንደሪ ቤት ከፈታችሁ እንዴ?” አለችኝ። አፈርኩ።

አሁን የመጣሁበትን ልንገርዎ። አፓርትመንታችን ምድር ቤት ያሉት የልብስ ማሽኖች ኳርተር ብቻ ነው የሚበሉት። አሮጌ ናቸው፤ ሳንቲሙ ተደርድሮ በእጅ የሚገፋባቸው ዓይነት። ለማጠቢያ ሰባት፣ ለማድረቂያ ሰባት። የላውንደሪ ሳንቲማችን ፍሪጅ ላይ በኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ነው የሚቀመጠው። ባለፈው ቅዳሜ ባዶ ሆኖ ጠበቀኝ። ከጀርባው ግን አንድ ትንሽ የበርበሬ ጠርሙስ አየሁ። ስከፍተው ኳርተር! ቆጠርኩት፤ ልክ 14። እግዜር የላከልኝ ነው የመሰለኝ። አጥቤ፣ አድርቄ፣ አጣጥፌ ወጣሁ።

ማታ ገብቶ ጠርሙሱን አነሳ። “የት አሉ?” አለኝ። ነገርኩት። ቁጭ አለ። አልጮኸም፣ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ለካ በሁለት ዓመት የለቀማቸው የብር ኳርተሮች በሙሉ እነሱ ናቸው። ይኸው ሳምንታችን፣ “ደህና ዋልሽ” ከማለት በቀር ቃል አይወጣውም።

እኔም ተናድጃለሁ። ያጠፋሁት እኮ 3 ዶላር ከ50 ነው! እሱ ግን የቤት ኪራይ ልንከፍል ስንል ከአካውንታችን 1,000 ዶላር ጎድሎ አገኘሁ። የት ሄደ ብል፣ ሁለት ሳጥን ኳርተር ሆኖ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄም ተለክፋለች። መልስ በሰጧት ቁጥር ሳንቲሙን ገልብጣ ታያለች፣ “64 ቢሆንስ” ትላለች።

ጋሼ፣ እውነት ባንክ ውስጥ ብር አለ? ወይስ ባሌን ነካ አድርጎታል? ጥፋተኛዋስ እኔ ነኝ?

ልብስ አጣቢዋ

*

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ስጀምር ሳቅሁ። “ልክ 14” ያልሽው ላይ ስደርስ ግን ሳቄ ቆመ።

ባልሽን ምንም አልነካውም። ባንክ ውስጥ ብር አለ። ትንሽ ነው፣ ግን አለ።

አሜሪካ እስከ 1964 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራልሽ) የምታወጣው ዳይም (አሥር ሳንቲም)፣ ኳርተርና ሃፍ ዶላር (ሃምሳ ሳንቲም) ከመቶ 90 እጁ ብር ነበር። የብር ዋጋ እየወጣ ሄደና ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር፣ ሳንቲሙ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ሊያልፍ ደረሰ። ሰውም ሰብስቦ ደበቀው፤ አገሩ ዝርዝር አጣ። በ1965 ፕሬዚዳንት ጆንሰን አዲስ ሕግ ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ ያለው ኳርተር ሆዱ መዳብ ነው፣ ልባሱ የመዳብና የኒኬል ቅልቅል። ስለዚህ ልጅሽ ትክክል ናት። 64 ማለት ብር ነው፣ 65 ማለት ዝርዝር ነው።

ከዚያ በኋላ ሰው ብሩን እየለየ ሲያስቀር ስድሳ ዓመት አለፈ። ታዲያ ዛሬ ጥቅል ውስጥ የሚገኘው ከየት መጥቶ ነው? ካንቺ! አንድ ሽማግሌ ይሞታል፣ ልጆቹ ጓዳ ሲያጸዱ ጠርሙስ ሙሉ ሳንቲም አግኝተው ሳያዩት ባንክ ይወስዱታል። አንዱ ጎረምሳ ከአባቱ መሳቢያ አንስቶ ቺፕስ ይገዛበታል። አንዷ ልብስ ታጥብበታለች። ሳንቲሙ ከማሽን ይወጣል፣ ይቆጠራል፣ ይጠቀለላል፣ የሌላ ሴት ባል ማታ ፎጣ ላይ ይዘረግፈዋል። ባልሽ ሁለት ዓመት ሲለቅም የኖረው የሌሎችን ሰዎች ላውንደሪ ነው። ይህን ቀስ ብለሽ ንገሪው፣ ፈገግ ሳይል አይቀርም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። አንድ የብር ኳርተር ውስጥ 5.6 ግራም ገደማ ንጹህ ብር አለ። የብር ዋጋ በየቀኑ ይወጣል ይወርዳል። ለምሳሌ አውንሱ፣ ማለትም 31 ግራም ገደማው፣ 30 ዶላር ቢሆን፣ አንዱ ኳርተር ከ5 ዶላር በላይ ነው፣ 14ቱ ወደ 76 ዶላር። ይህን ያህል ውድ ልብስ አጥበሽ አታውቂም። በአገር ቤት ሚዛን ደግሞ ይበልጥ ይገባሻል። ጠገራ ብር፣ ያ 1780 የተጻፈበት የማርያ ቴሬዛው፣ 28 ግራም ይመዝናል፤ ወደ 23 ግራሙ ንጹህ ብር ነው። ማሽኑ ውስጥ ያስገባሽው ከሦስት ጠገራ ይበልጣል። አያቶቻችን ያንን ለብር ሠሪ ሰጥተው፣ አቅልጦ የአንገት መስቀል ይሠራላቸው ነበር። ብረቱንም ገንዘቡንም “ብር” ብለን በአንድ ስም የምንጠራ ሰዎች ሆነን ባልሽን እብድ ማለት ይከብደናል።

እኔ ራሴ ዲሲ ፓርኪንግ ካሸር ሆኜ ሠርቻለሁ። ያኔ አንድ ኢትዮጵያዊ ሱፐርቫይዘር ነበረን፣ ሳንቲሙን ሳያይ የሚለይ። ኳርተሮቹን መስታወቱ ላይ ጣል ጣል ሲያደርግ ሁሉም ቀጭ፣ ቀጭ ይላሉ። ድንገት አንዷ እንደ ቃጭል ቀጠን ብላ ትጮህና ድምጿ ይቆያል። “ይቺ የኔ ናት” ብሎ ከኪሱ ሌላ ኳርተር ይተካል። ጆሮ ለሌለው ደግሞ ጠርዝ አለ። ጥቅሉን ፈትተሽ 40ውን በጎናቸው ደርድሪያቸው። የሁሉም ጠርዝ ላይ ቡናማ የመዳብ መስመር ታያለሽ። ብሩ መስመር የለውም፣ እንደ ወተት ነጭ ነው። ባልሽ አንድ በአንድ ዓመት እያነበበ ከሆነ ዓይኑን በከንቱ እያደከመ ነው።

የጠርዝ ነገር ከተነሳ፣ እኛም አገር ታሪክ አለው። በ1936 ዓ.ም. (ይሄኛው በኛ ነው) የወጣው ሽልንግ፣ ማለትም ሃምሳ ሳንቲም፣ የብር ነበር፤ ስሙኒው መዳብ። መጠናቸው ተቀራራቢ ስለነበር ብልጦች ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሽልንግ ዋጋ ያሳልፉት ጀመር። መንግሥት የስሙኒውን ጠርዝ እንደ አበባ ያስከረከመው ለዚህ ነው። እነዚያ ሳንቲሞች ከተመቱባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ ፊላደልፊያ ነው።

ወደ 1,000 ዶላሩ ልምጣ። እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ካንቺ ጋር ነኝ። ገንዘቡ አልጠፋም፤ 500 ዶላር ከፍሎ ያመጣው ሳጥን ባንክ ሲመለስ 500 ዶላር ነው። ይህን ሱስ ከሎተሪ የሚለየው ይኸው ነው። ግን የኪራይ ገንዘብ አልጋ ሥር አይተኛም፣ ያውም ሳይነገርሽ። ከዚህ በኋላ የሚነካው የራሱን ጉርሻ፣ ቲፑን ማለቴ ነው፣ ይሁን። ከዚያ አንዲት ሳንቲም እንዳያልፍ። ባንኩንም ይቀይር። ከአንድ ቅርንጫፍ ገዝቶ እዚያው የሚመልስ ሰው ሠራተኞቹን ያሰለቻል፤ የሚያስከፍሉም አሉ። ያቺ ልጅ ቀልድ ብቻ መናገሯ ደግነቷ ነው።

በዚያ ላይ የሚፈልገው በማይገኝበት ነው። ኳርተር ከእጅ እጅ ስለሚዞር ተለቅሞ አልቋል። ሃፍ ዶላር ይሞክር። ሰው ስለማይገበያይበት ባንክ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። የኬኔዲ ምስል ያለበት የ1964ቱ 90 እጅ፣ ከ1965 እስከ 1970 ያለው 40 እጅ ብር ነው። ያም ሆኖ ሳጥን ሙሉ አገላብጦ ባዶ እጁን የሚነሳበት ማታ ይበዛል። በሰዓት ክፍያ ካሰላው ታክሲው ይሻለዋል። ለልጅቷ ደግሞ የኒክል፣ የአምስት ሳንቲሙን ማለቴ ነው፣ ጥቅል ይግዛላት፣ 2 ዶላር ብቻ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ከ1942 እስከ 1945፣ ኒኬል የሚባለው ብረት ለጦር መሣሪያ ስለተፈለገ ሳንቲሙ ውስጥ 35 እጅ ብር ገብቶበታል። ምልክቱ ከጀርባው፣ ከሕንጻው ጉልላት በላይ ያለ ትልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው። ፔኒ፣ አንድ ሳንቲሙን፣ የጀመረ እንደሆነ ግን ጻፊልኝ። በ25 ዶላር ሳጥን 2,500 ፍሬ ነው፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

ደግሞ አደራ፣ ያገኙትን በሎሚና በአመድ እንዳትፈትጊላቸው። ሰብሳቢ የታሸ ሳንቲም አይወድም።

ጥፋተኛ ማን ነው ላልሽው፣ ምንም ሳይጻፍበት በርበሬ ጠርሙስ ውስጥ፣ ያውም ከላውንደሪው ሳንቲም ጀርባ ሀብት የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

አሁን ግን ፍጠኚ። እናንተ ምድር ቤት እንዳለው ያለ አሮጌ ማሽን ሳንቲሙን የሚለካው በመጠን ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው የዋጠልሽ። አዲሶቹ ብረቱን ስለሚመረምሩ ብዙ ጊዜ ብርን ይተፋሉ። ያንቺዎቹ 14ት ሣጥኑ ካልተሰበሰበ እዚያው ምድር ቤት ናቸው። የሕንጻውን ማኔጀር፣ ሳንቲም ሰብሳቢው መቼ እንደሚመጣ ጠይቂው። ሲመጣ ባልሽ አልጋ ሥር ያለውን ኳርተር ይዞ ይውረድ፣ በሣጥኑ ውስጥ ባለው ልክ ኳርተር በኳርተር እንዲለውጠው ይለምነው። ሰውየው ምንም አይከስር። እምቢ ካለ ደግሞ ቢያንስ ሁለታችሁ አንድ ላይ ወርዳችኋል። ልጅቷንም አስከትሏት፣ ጠርዝ ለማየት ዓይኗ ከናንተ ይሻላል።